ከሳራጎሳ እስከ አዳማ፦ በአንድ አውሎ ነፋስ ዙሪያ የተሰጡ 23 መልሶች

ባለፈው ሰኔ የልጄ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት የተካሄደው እዚሁ አዳማ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ነበር። ልጆቹ ጥቁር ካባና ባለ ክር ቆብ ለብሰው መድረክ ላይ ተደርድረው ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ የመጣው በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው የመድረክ መሪዋ ድምፅ ጨርሶ ጠፋ። ማይክሮፎኑ አፏ ላይ ነው፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል፤ የምትለውን ግን የሚሰማ አልነበረም። ውጭ ለእንግዶች የተተከለው ድንኳን ከነብረቱ ተነሥቶ አጥሩ ላይ ሲወድቅ ግማሻችን ለማየት ወደ በሩ ሄድን፣ ግማሻችን ልጅ ለማንሣት ወደ መድረኩ ሮጥን፤ እኔ ራሴ በስልኬ መቅረጼን አላቋረጥሁም። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ማታ ቪዲዮውን መልሼ ሳየው ግን የመድረክ መሪዋ ሁለት እጆቿን እያወዛወዘች ወደ ኋላው ግድግዳ እንድንጠጋ ስታመለክት እንደነበረ ገባኝ። እኛ እንድናጨበጭብ የጠየቀችን መስሎን ነበር፤ አጨብጭበናልም።

ከዚያ በኋላ ነው የአዳማ ነዋሪዎች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ ሳራጎሳ የጻፍሁት። ሳራጎሳ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ከፔኮስ ወደ ባልሞሬያ በሚወስደው 17 ቁጥር መንገድ ላይ ያለች የገጠር መንደር ናት፤ ስሟን የሰማሁት በዚያ በኩል የጭነት መኪና ከሚነዳው ወንድሜ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1979 ዓ.ም ዓርብ ምሽት የመታት ቶርኔዶ፣ ማለትም ከደመና ወደ መሬት የሚወርድ ብርቱ የነፋስ አዙሪት፣ 30 ሰዎችን ገደለ፣ ከ120 በላይ አቆሰለ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ጥቂት መቶ ሰዎች በሚኖሩባት መንደር ነው። ከሟቾቹ 22ቱ ጓዳሉፔ በተባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ የተሰበሰቡትም ለሕፃናት የቅድመ መደበኛ ትምህርት ምርቃት ነበር። ልጆቻቸውን ከጠረጴዛና ከአግዳሚ ወንበር ሥር ከትተው በላያቸው የተኙ ወላጆችና አያቶች በዚያው ሞቱ።

በጽሑፌ ያተኮርሁት ግን ከሞቱ ይልቅ በማስጠንቀቂያው ላይ ነበር። ማስጠንቀቂያው አውሎው መንደሯ ከመድረሱ በፊት ወጥቶ ነበር። ሆኖም ሳራጎሳ ሳይረን አልነበራትም፤ ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ በስፓኒሽ የሚናገሩ ነበሩ፤ የሚከታተሉት የስፓኒሽ ቴሌቪዥን ከሩቅ የሚተላለፍ ስለነበረ የአካባቢውን ማስጠንቀቂያ አይዝም፤ በስፓኒሽ የተነገረው ጥቂቱም ከእንግሊዝኛ በችኮላ ሲመለስ አጣዳፊነቱን አጥቶ ከተራ ዜና የማይለይ ሆነ። ስለዚህ የመድረኩን ሰዎች የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ነገ በእኛ ላይ ቢመጣ በየትኛው ቃል ይነገረናል፣ ቃሉንስ ሰምቶ የሚነሣው ማነው?

1ኛውና 2ኛው መልስ የሐዘን መግለጫዎች ነበሩ። 2ኛዋ ጸሐፊ በሥራ ሰዓት ቢሮዋ ውስጥ ስታነብብ ልጆቹ ላይ ስለተኙት አያቶች ስትደርስ ስልኳን ደፍታ እንደወጣች ገለጸች። 3ኛው ጸሐፊ ግን በትሕትና ቢጀምሩም ነገሩን አልተቀበሉትም። በኢትዮጵያ ቶርኔዶ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እኛ የምናለቅስበት ድርቅና ጎርፍ እያለን የሰው አገር ለቅሶ መበደር እንደማያስፈልግ፣ ጥያቄውም መልስ የማይሻ እንደሆነ ጻፉ። ይህን አስተያየት አሥራ ሰባት ሰዎች ወደዱት። ለመናገር ያህል፣ እኔም ከቪዲዮው በፊት ብጠየቅ ኖሮ ከወደዱት አንዱ ሳልሆን አልቀርም ነበር።

4ኛውን መልስ የሰጡት ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማንንም ሳይነቅፉ፣ ሰዉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዳቀላቀለ አስረዱ። በበጋ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ አቧራ እየጠቀለለ የሚሄደው ቀጭን አዙሪት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀትር ፀሐይ ካጋለችው መሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣና በደቂቃዎች ውስጥ የሚበተን ነው። ቶርኔዶ በተቃራኒው ከነጎድጓድ ደመና ሆድ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ጋር ሲገናኝ፣ ነፋሱም ከፍታ በጨመረ ቁጥር አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሲለውጥ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። የሳራጎሳው በፉጂታ መለኪያ 4ኛ ደረጃ የተሰጠው ሲሆን ይህም በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ የሚገመት ነፋስ ማለት ነው። መምህሩ በተለይ የወደዱት ነገር ፍጥነቱ በመሣሪያ የተለካ ሳይሆን ከወደቀው ግንብና ከተነቀለው ዛፍ ወደ ኋላ ተሰልቶ የተገኘ መሆኑን ነው፤ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጡት ጃፓን ተወላጁ ቴድ ፉጂታ ቀደም ሲል የናጋሳኪን የአቶም ቦምብ ጉዳት በዚሁ ዓይን ያጠኑ ሰው ነበሩ።

5ኛዋ ጸሐፊ ወንጂ ካምፕ ውስጥ ያደጉ እናት ናቸው፤ ከሁሉም መልሶች በጽሑፍ ውበቱ የእሳቸው ይበልጥብኛል። ልጅ ሳሉ አንድ ቀትር ላይ አዙሪቱ በግቢያቸው ሲያልፍ ገመድ ላይ የተሰጣውን የአያታቸውን ነጠላ አንሥቶ፣ ጥቂት ቁሞ እንደሚያስብ ሰው አየር ላይ ካዘገየው በኋላ ወስዶ ሸንኮራው ውስጥ ጣለው። አያታቸው ጋኔን አለበት ብለው ስለሚያምኑ አማተቡ፣ ምራቃቸውንም እንትፍ አሉ፤ ከቦታቸው ግን አልተነሡም፣ ነጠላውንም ከዚያ በኋላ አልለበሱትም። እናትየው ይህን ካወሩ በኋላ ያነሡት ጥያቄ ከእኔ ጥያቄ የተሻለ ነበር፤ አዙሪት ሲያይ አማትቦ ባለበት መቀመጥ የለመደ ሰው፣ የሚሸሹት ዓይነት በመጣ ጊዜ ልዩነቱን በምን ያውቃል ሲሉ ጠየቁ።

6ኛው ሰው እኔን አረመ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ቀኑን ግንቦት 22 ብዬ ነበር፤ የፈረንጁን ቀን እንዳለ ገልብጬ የእኛን ወር ለጠፍሁበት። እሱ አስልቶ ግንቦት 14 መሆኑን አሳየኝና አስተካከልሁ። ሁለተኛው እርማቱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታረም አልነበረም፤ አውሎ ነፋስ የሚለውን ቃል ለምን እንደተጠቀምሁ ጠየቀ። ዜና ላይ ከውቅያኖስ ለሚነሣው፣ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ለሚሰፋውና ከቀናት በፊት ለሚታወቀው ሀሪኬን የምንሰጠው ስም ይህ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ ለሚሄደው ቶርኔዶም ይህንኑ እንሰጠዋለን፤ ኤልያስን ወደ ሰማይ የወሰደውም በዚሁ ስም ይጠራል። አንዱ ሦስት ቀን የሚያስጠብቅ፣ አንዱ ሦስት ደቂቃ የማይሰጥ፣ አንዱ ደግሞ የጽድቅ ሠረገላ ከሆነ፣ ቃሉን የሰማ ሰው በየትኛው ሊነሣ ነው? የምመልሰው አልነበረኝም፤ በዚህ ጽሑፍ ርእስ ላይም ቃሉን የተውሁት ሌላ ስላላገኘሁ ነው።

7ኛው ጸሐፊ ከቦኩ በኩል ነው። እናቱ በኦሮምኛ ኦቦምቦሌቲ ካሉ ከብቱም ልጁም ወደ ቤት እንደሚገባ፣ ሬዲዮው ጠንካራ ነፋስ እንደሚኖር ሲናገር ግን ከቤታቸው የሚነሣ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። የሳራጎሳም ነገር ይኸው እንደሆነ፣ ሰው የሚሸሸው እናቱ በሸሸችበት ቃል እንደሆነ አከለበት። ለእኔ ይህ የውይይቱ ልብ ነበር። ለ8ኛው ጸሐፊ ግን የቋንቋ ፖለቲካ መስሎ ታየው፤ ሐዘን ላይ ተቀምጠን እንኳ ይህን ማንሣት አሳፋሪ ነው ሲል ተቆጣ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የቆዩት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንተ ወረዱ። 9ኛው መልስ በአወያዩ ተሰርዟል፤ ከመሰረዙ በፊት ስላነበብሁት መሰረዙ አልከፋኝም። 10ኛው የአወያዩ ማሳሰቢያ ሲሆን፣ በቦታው የሚያስፈልገውን ብቻ ተናግሮ ያለፈ አጭር ጽሑፍ ነው።

ውይይቱን ወደ መሥመሩ የመለሰው ፖስታ ቤት ሰፈር አድጎ አሁን ዳላስ የሚኖር ሰው ነው፤ 11ኛው። እዚያ ሁለት ዓይነት ማሳወቂያ አለ። ቶርኔዶ ዎች የሚባለው ለቶርኔዶ የተመቸ አየር መኖሩን ይናገራል፤ ሥራህን እየሠራህ ጆሮህን ክፈት እንደማለት ነው። ቶርኔዶ ዋርኒንግ ደግሞ አዙሪቱ በዓይን ወይም በራዳር ታይቷልና ሁሉን ትተህ አሁኑኑ ተጠለል ማለት ነው። ቤተ ሰቡ በስልክ ሲጠይቁት ሁለቱንም ማስጠንቀቂያ እያለ ሲነግራቸው እንደኖረ፣ እናቱም ለመጀመሪያው ዓይነት ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ አድራ፣ ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ ግን ለምዳው እንደተኛች በትዝብት ጻፈ። የከተማዋ ሳይረን በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ቀትር ላይ ይሞከራል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 አንድ ሌሊት ሰርጎ ገቦች ከ150 በላይ የሆኑትን ሳይረኖች በሙሉ አስጮኋቸው፤ የድንገተኛ ጥሪ መሥመሩም በሚጠይቅ ሰው ተጨናነቀ። እሱ ራሱ ያን ሌሊት ያደረገውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ በረንዳው ወጣ። እዚህ ላይ የእኛን አዳራሽ በር አስታወስሁ።

12ኛው ሰው ዳላስ የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

13ኛው ጸሐፊ የድሬዳዋ ልጅ ነው። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ተማሪ ነበር። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ እንደነበረና ደረቅ ወንዝ ዳር ለተኛው ሰው የሚነግረው አንድም እንዳልነበረ ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ ሄዱ። 14ኛዋ ከዚህ ተነሥታ በደቡብ ኢትዮጵያ የደረሰውን የጎፋ ናዳ አነሣች። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም መሬቱ ተንዶ ሰዎችን ሲቀብር ጎረቤቱ በኡኡታ ተጠራርቶ ለማውጣት በእጁና በአካፋ መቆፈር ያዘ፤ ሁለተኛው ናዳ የመጣው በእነዚያ ላይ ነው፤ ሟቾቹም ከ200 በላይ ሆኑ። የእኛ ጩኸት ሰውን ወደ አደጋው የሚጠራ እንጂ ከአደጋው የሚያሸሽ አይደለም ስትል ያቀረበችውን ሐሳብ በወቅቱ በቁጣ የተጻፈ አድርጌ አልፌው ነበር። መልሼ ያነበብሁት በኋላ ነው።

15ኛው መልስ ለ3ኛው ጸሐፊ የተሰጠ ሲሆን፣ ከአህጉራችን ማስረጃ አመጣላቸው። ታኅሣሥ 1991 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ ኡምታታ ከተማ ቶርኔዶ ሲያልፍ ኔልሰን ማንዴላ ፋርማሲ ውስጥ ነበሩ፤ እሳቸው ምንም ሳይሆኑ ወጡ፣ በከተማዋ ግን ሰዎች ሞቱ። 3ኛው ጸሐፊ በ16ኛው መልስ ተመልሰው መጡ። ደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያ እንዳልሆነች፣ የአዳማ ሰው ስለ ቴክሳስ ደመና ከሚማር ክረምት በገባ ቁጥር የሚያጥለቀልቀውን ቦይ ቢጠርግ እንደሚሻል በምሬት ጻፉ። አነጋገራቸው ይጎረብጣል፤ ስለ ቦዩ ግን እውነታቸውን ነው፤ ይህንኑም ጻፍሁላቸው። ሆኖም የቴክሳሱ ምዕራብም ቢሆን ቶርኔዶ እንደ ካንሳስ የማይዘወተርበት ደረቅ አገር መሆኑን፣ መንደሯም ሳይረን ያልገዛችው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጨመርሁበት። አልመለሱልኝም።

17ኛው መልስ ረጅም ነው፤ ጸሐፊው መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በመጀመሪያ በታሪክ ከሚታወቁት ሁሉ ብዙ ሰው የገደለው ቶርኔዶ አሜሪካ ሳይሆን ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ እንደነበረ አስታወሰን፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1981 ዓ.ም ሳቱሪያና ዳውላትፑር በተባሉት አካባቢዎች 1,300 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወደ ቃሉ ጉዳይ ገባ። በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ድረስ ቶርኔዶ የሚለው ቃል በመንግሥት የአየር ትንበያ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱ ሕዝቡ ይደናገጣል የሚል ነው። መጋቢት 9 ቀን 1917 ዓ.ም ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አቋርጦ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘው ቶርኔዶ 695 ሰዎችን የገደለው በዚያ ዘመን ነው፤ ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ከመንደር መንደር ሲሄድ ከፊቱ ያሉት መንደሮች አላወቁም። የመጀመሪያው ይፋዊ የቶርኔዶ ትንበያ የተሰጠው በ1948 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ በሚገኝ የአየር ኃይል ሰፈር ነው፤ ትንበያውን የሰጡት ፎውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች ሲሆኑ፣ ቶርኔዶውም በዚያው ዕለት መጣ። በራሳቸው ቋንቋ ስም ያለው ነገር እንዳይነገራቸው የተደረጉ ሰዎች ከነበሩ፣ ስሙ ጭራሹኑ የሌለን እኛ በምን እንለያለን የሚለው መደምደሚያው 6ኛውን ሰው እጅግ አስደሰተ።

በ18ኛውና በ19ኛው መልስ ወሬው በአዳማ ተራራ ላይ ወዳሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ዞረ። አንደኛው እነዚያ ማማዎች ከመጡ ወዲህ ነፋሱንም ዝናቡንም እንደበሏቸው በሙሉ ልብ ጻፈ፤ ሁለተኛው እዚያው የሚሠራ ቴክኒሻን ሲሆን፣ በመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34፣ በሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 102 ተርባይኖች መኖራቸውንና ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ራሳቸውን እንደሚያቆሙ ገለጸ። ተርባይኑ ማስጠንቀቂያ የሚገባው ከእኛ ቀድሞ መሆኑ ነው።

20ኛዋ አዳራሽ የምታስጌጥ ሴት ናት፤ ሥራዋ ሠርግና ምርቃት ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ለዓይን የሚያምረውን ያህል፣ ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳው የሚደገፍበት ስለሌለው እንዲህ ላለው ነፋስ ከሁሉ የከፋ መጠለያ መሆኑን ካነበበች በኋላ የምትሠራባቸውን አዳራሾች በአዲስ ዓይን ማየት እንደጀመረች ጻፈች። ጠበብ ያለው መተላለፊያ፣ ዕቃ ቤቱና መጸዳጃ ቤቱ ይሻላሉ። በአንዱ አዳራሽ የኋላው በር ያልተጠሩ እንግዶች እንዳይገቡበት በሰንሰለት ተቆልፎ፣ በላዩ ላይ እሷ ራሷ ነጭ መጋረጃና የፕላስቲክ አበባ ስትሰቅልበት እንደኖረች ተናገረች። አሁን መጋረጃውን ከመስቀሏ በፊት የሰንሰለቱን ቁልፍ ትጠይቃለች፤ የአዳራሹ ሰዎችም ነገረኛ ሆናለች ማለት ጀምረዋል።

21ኛው መልስ መፍትሔ ይዞ የመጣ ነበር። ጸሐፊው የአንድ እድር ጸሐፊ የሆኑ አዛውንት ሲሆኑ፣ ሳይረን ለመግዛት መጨነቅ እንደማያስፈልግ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውና ቋንቋ የማይለየው ድምፅ በየእድሩ እንዳለ አስረዱ፤ ጥሩምባው። ብዙ ሰው ወደደው፤ እኔም ወደድሁት፤ ውይይቱ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

22ኛውን የጻፈው አባቱ የእድር ጥሩምባ ነፊ የሆኑ ወጣት ነው። አባቱ ንጋት ላይ ሲነፉ ሰፈሩ ምን እንደሚያደርግ በልጅነቱ ከኋላቸው እየሄደ ስላየ ያውቃል፤ ሰው ነጠላውን ይለብስና ከቤት ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። አውሎ መጣ ተብሎ ያ ጥሩምባ ቢነፋ ሰፈሩን በሙሉ ከጣሪያው ሥር አውጥቶ ሜዳ ላይ ማቆም እንደሆነ ገለጸ። የ14ኛዋን ጸሐፊ መልስ መልሼ ያነበብሁት ያን ጊዜ ነበር። አዛውንቱ ሳይከፉ፣ እንግዲያው አነፋፉን መለወጥ ይቻል እንደሆነ አባትህን ጠይቅልን ሲሉ እዚያው ሥር ጠየቁት።

23ኛው መልስ በማግስቱ ማታ ከዚሁ ወጣት መጣ። አባቱ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ጥሩምባውን ከግድግዳው አውርደው፣ ጠርገው፣ ለለቅሶ ከሚነፉት ረጅም ድምፅ የተለየ ሦስት አጭር አጭር ድምፅ ግቢያቸው ውስጥ ሆነው ቀስ ብለው ሞከሩ። ሦስተኛውን ሳይጨርሱ የጎረቤት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመው፣ ማን እንደሞተ ጠየቁ።